የዕጢ ደም ሥር በኤምአርአይ፦ ለየትኛው ጥያቄ የትኛው ምርመራ?

አንድ ሕመምተኛ እናስብ። ግላይኦብላስቶማ የተባለው የአንጎል ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶለታል፤ ከዚያም ስድስት ሳምንት ጨረርና ቴሞዞሎማይድ የተባለ የካንሰር መድኃኒት ወስዷል። ጨረሩ ካበቃ ሁለት ወር ሳይሞላው በተነሣው ኤምአርአይ ላይ፣ ዕጢው በወጣበት ጉድጓድ ጠርዝ ኮንትራስቱ (ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚወጋው ፈሳሽ) አዲስ የነጣ ቀለበት ሠርቶ ታየ። ዕጢው ተመልሶ ነው ወይስ ጨረሩ ያቆሰለው ሥጋ ነው? ተራው ምስል መልስ የለውም። ንጣቱ የሚነግረን ኮንትራስቱ ከደም ሥር አምልጦ መውጣቱን ብቻ ነው፤ ዕጢም ቁስልም ደግሞ ያፈስሳሉ። በተለይ ከጨረር በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሦስት ወራት እንዲህ ያለው ሐሰተኛ እድገት የተለመደ ነው።

ይህ ሰው የሚያስፈልገው የደም ሥሩን ጠባይ የሚለካ ምርመራ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ስም የሚሰጣቸው፣ ሥራቸው ግን የተለያየ አራት አምስት ዘዴዎች አሉ። ማዘዣው ላይ «ፐርፊዩዥን» (የደም ሥርጭት ምርመራ) ተብሎ ብቻ ይጻፍና ማሽኑ ላይ ያለው ባለሙያ የለመደውን ይሠራል። ይህ ጽሑፍ ለሚያዝዘው ሐኪም፣ ለሚያነሣው ራዲዮግራፈርና በዚህ ዘርፍ ጥናት ለሚያቅድ ተማሪ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማሽኑ ሥሩን አያየውም

አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጁዳ ፎክማን በ1971፣ ዕጢ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊሜትር በላይ ለማደግ የራሱን የደም ሥር ማብቀል አለበት ብለው ሲጽፉ የተቀበላቸው ጥቂት ሰው ነበር። ሃሮልድ ድቮራክ በ1986 ዕጢን ከማይድን ቁስል ጋር አመሳሰሉት፤ ሰውነት ቁስል ሲጠግን ሥር ያበቅልና ያቆማል፣ ዕጢ ግን ማቆሚያ የለውም። ተቻኩሎ የበቀለው ሥር ጠማማ ነው፤ አንዱ ጋ ያብጣል፣ ሌላው ጋ መውጫ አጥቶ ይቀራል፣ ግድግዳውም ክፍተት የበዛበት ነው። ይህን ማብቀል የሚያግደው ቤቫሲዙማብ በ2004 አሜሪካ ውስጥ ለተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ሲፈቀድ፣ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን በምስል ማወቅ የብዙዎች ጥያቄ ሆነ።

ቀጭኑ የደም ሥር ስፋቱ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ነው። የፐርፊዩዥን ምስል አንዲት ነጥብ ደግሞ በየጎኗ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ትሆናለች፤ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ሥሮች በአንዷ ነጥብ ውስጥ ተጨፍልቀው ይኖራሉ። ስለዚህ ማሽኑ የሚሰጠን ግምት ነው። የሚገመቱት ነገሮች አራት ናቸው፦ በነጥቧ ውስጥ ምን ያህል ደም አለ፣ ደሙ በምን ፍጥነት ይመላለሳል፣ ግድግዳው ምን ያህል ያፈስሳል፣ ሥሩስ ምን ያህል ሰፊ ነው። አራቱ ይዛመዳሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ብዙ ደም ይዞ ቀስ ብሎ የሚያንቀሳቅስ ዕጢ አለ፤ ጥቂት ደም ይዞ ክፉኛ የሚያፈስስም አለ።

ዲኤስሲ፦ ለአንጎል የመጀመሪያ ምርጫዬ

ዲኤስሲ ከእነዚህ የፐርፊዩዥን ዘዴዎች አንዱ ነው፤ ሐሳቡም ቀላል ነው። ጋዶሊኒየም የተባለ ብረት ያለበት ኮንትራስት በአንድ ግፊት ይወጋል፤ በአንጎል ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ በዙሪያው ያለውን መግነጢሳዊ መስክ ይረብሻል፤ ምልክቱም ይወድቃል። ደም በበዛበት ቦታ ውድቀቱ ጥልቅ ነው። ከውድቀቱ ስፋት የደም መጠን ይሰላል፤ ከዚያም በሌላው የአንጎል ጎን ካለው ጤነኛ ነጭ ክፍል ጋር ይነጻጸራል። «አንጻራዊ የደም መጠን» የሚባለው ይህ ነው።

ማሽኑ ፊት ሆነው ሲያዩት ነገሩ የጥቂት ሰከንዶች ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በተለመደው መጠን፣ ማለትም በኪሎ 0.1 ሚሊሞል፣ ከመደበኛው ኮንትራስት 12 ሚሊሊትር ይደርሰዋል። በሰከንድ 4 ሚሊሊትር ሲገፋ በሦስት ሰከንድ ያልቃል። ጨው ውሃው በዚያው ፍጥነት ይከተለዋል። ስክሪኑ ላይ የነበረው ቀጥ ያለ መስመር ጥቂት ሰከንዶች ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በድንገት ወደ ታች ይወርዳል፤ በአሥር ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። የምንፈልገው መረጃ በዚያች ጉድጓድ ውስጥ ነው። ምስሉ በየአንድ ወይም በየአንድ ተኩል ሰከንድ ካልተነሣ ጉድጓዷ ትዛባለች።

ስለዚህ የካኑላው ቀለም ከማሽኑ ዋጋ እኩል ያስጨንቃል። አረንጓዴው ወይም ሮዙ በክንድ መታጠፊያ፣ ቢቻል በቀኝ እጅ፣ ይገባል። ሰማያዊው ካኑላ በእጅ ጀርባ ላይ ከሆነ በዚህ ፍጥነት መግፋት አስቸጋሪ ነው፤ ቀስ ብሎ የተወጋ ኮንትራስት ደግሞ የሚሰጠው ጉድጓድ ሳይሆን ሰፊ ሸለቆ ነው። ሌላው ስሕተት ከመርፌው በፊት ያለውን መነሻ መስመር ማሳጠር ነው። በ2020 የወጣው የባለሙያዎች ስምምነት ከመርፌው በፊት ከ30 እስከ 50 ምስል እንዲነሣ ይመክራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ መነሻው ካልታወቀ ውድቀቱ ከየት እንደጀመረ አይታወቅም።

የዲኤስሲ ትልቁ ድካም መፍሰስ ነው። ስሌቱ ኮንትራስቱ ከሥር አይወጣም ብሎ ይነሣል፤ ዕጢ ውስጥ ግን ይወጣል። የወጣው ኮንትራስት ምልክቱን ሊያበራውና መስመሩን ከመነሻው በላይ ሊያስኬደው ይችላል፤ ያኔ የደም መጠኑ ካለው ያነሰ መስሎ ይታያል። በተቃራኒው ምልክቱን ዝቅ አድርጎ ሊያስቀረውና መጠኑን ሊያጋንነው ይችላል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ፍሊፕ አንግሉን (የራዲዮ ሞገዱ መግነጢሳዊነቱን የሚያዘነብልበትን ማዕዘን) ወደ 30 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ በአንድ መርፌ መሥራት፣ ወይም 60 ዲግሪ አድርጎ አስቀድሞ አንድ ሙሉ መጠን ኮንትራስት መስጠት። ሁለቱም ስምምነቱ ውስጥ አሉ፤ ሁለቱም የስሌት እርማት ይከተላቸዋል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ግማሽ ኮንትራስት ይተርፋል።

ቁጥሩን ሲያነቡም ይጠንቀቁ። ከ2003 ጀምሮ ብዙ የሚጠቀሰው መለያ 1.75 ነው፤ በዚያ ጥናት ከፍተኛ ደረጃ ካላቸው ግላዮማዎች (ከአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት የሚነሡ ዕጢዎች) 95 በመቶውን ይዟል። ዝቅተኛ ደረጃ ካላቸው ግን በትክክል የለየው 57.5 በመቶውን ብቻ ነው። አንዱ ምክንያት ኦሊጎዴንድሮግላዮማ ነው፤ ዝቅተኛ ደረጃ ሆኖም በቀጫጭን ሥሮች መረብ የተሞላ ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ሊምፎማ (የነጭ የደም ሕዋስ ካንሰር) በበኩሉ አደገኛ ሆኖ የደም መጠኑ መካከለኛ ነው፤ የሚያጋልጠው ከጉድጓዱ በኋላ መስመሩ ከመነሻው በላይ መውጣቱ ነው። ዝቅተኛው ፍሊፕ አንግል ግን ይህን ፍንጭ ያደበዝዘዋል፤ አንዱን ስናተርፍ ሌላውን እንከፍላለን።

ዲኤስሲ የማይሠራበት ቦታም አለ። የራስ ቅል ወለል፣ የአፍንጫና የጆሮ አየር ጉድጓዶች አጠገብ፣ ብረት ክሊፕ ያለበት ወይም ደም የፈሰሰበት ሥፍራ ምስሉን ይበላዋል። ቀዶ ሕክምናው ደም ጥሎ ከሄደ ካርታው ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ቦታ ደም ያጣ ዕጢ ላይሆን ይችላል። ጥሬውን ምስል ሳያዩ ቀለም የተቀባውን ካርታ ብቻ ማንበብ የሚያሳስት እዚህ ላይ ነው።

ዲሲኢ፦ መፍሰሱ ራሱ ጥያቄ ሲሆን

ዲሲኢ ያንኑ ኮንትራስት ይጠቀማል፤ የሚከታተለው ግን ምልክቱ ሲደምቅ ነው። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ እየደጋገመ ያነሣል፤ ኮንትራስቱ ከሥር ሲወጣ፣ በሕዋሳት መካከል ሲጠራቀምና ሲመለስ ያያል። ከዚህ የሚወጣው ዋና ቁጥር ኬትራንስ ይባላል። ፖል ቶፍትስና ባልደረባቸው በ1991 ያቀረቡት ስሌት ዛሬም መሠረቱ ነው፤ በ1999 የተለያዩ ቡድኖች የስያሜ ስምምነት አድርገውበታል።

ኬትራንስን «የግድግዳው አሳላፊነት» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰውን ሰፈር ያስቡ። ቧንቧው ወንፊት ቢሆንም ውሃው በቀጭኑ ከመጣ የሚፈስሰው ያንኑ የመጣውን ያህል ነው፤ ውሃው ሞልቶ ሲመጣ ግን የሚፈስሰውን የሚወስነው የቀዳዳው ብዛት ነው። ኬትራንስም እንዲሁ ነው። ደም በበቂ ሲመጣ ቁጥሩ አሳላፊነትን ይናገራል፤ ደም ሲያንስ ፍሰትን ይናገራል። ከመድኃኒት በኋላ ኬትራንስ ቢወርድ ግድግዳው ተደፍኖ ይሁን ደሙ ቀርቶ ይሁን ቁጥሩ ብቻውን አይለይም። ለጥናት የሚያቅድ ሰው ይህን ሳይወስን ዋና መለኪያ አድርጎ ቢመርጠው፣ ውጤቱን የሚተረጉምበት ቀን ይቸገራል።

ሁለተኛው ችግር ልኬቱ ሲደገም ያንኑ ቁጥር አለመስጠቱ ነው። ስሌቱ ከመርፌው በፊት የሥጋውን ቲ1 (መግነጢሳዊነቱ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ) ካርታ ይፈልጋል፤ በትልቅ የደም ቧንቧ ውስጥ የኮንትራስቱን መጠን መለካትም ይፈልጋል። አንዱ ከተሳሳተ ኬትራንስ ይሳሳታል፤ ሶፍትዌር ሲቀየርም ቁጥሩ ይቀየራል። ሂሳቡን እንሥራው፦ ያው ሰው በዚያው ማሽን ሲደገም ልኬቱ 20 በመቶ የሚዋዥቅ ከሆነ፣ በአንድ ሕመምተኛ ላይ እውነተኛ ለውጥ ታየ ለማለት 55 በመቶ ያህል መለወጥ አለበት። በመቶ ሰው አማካይ ላይ ትንሽ ለውጥ ሊታይ ይችላል፤ በአንድ ሰው ላይ «30 በመቶ ቀንሷል» ብሎ ሕክምና መቀየር ግን ድፍረት ነው።

ቢሆንም ከአንገት በታች ዲሲኢን የሚተካ አላገኘሁም። በጡት ምርመራ ስሌት እንኳ ሳይገባበት የመስመሩ ቅርጽ ይበቃል፦ እየጨመረ የሚሄድ፣ ወጥቶ የሚረጋ፣ በፍጥነት ወጥቶ የሚወርድ። ሦስተኛው ከሁሉ የሚያሳስበው ነው። በፕሮስቴት ላይ ግን ሥልጣኑ እየቀነሰ መጥቷል። ፒራድስ የተባለው መመሪያ በ2019 እትሙ ዲሲኢን ሁለተኛ ደረጃ ሰጥቶታል፤ በውጨኛው ክፍል 3 ነጥብ የተሰጠውን ቁስለት ወደ 4 ከማሳደግ ያለፈ ሚና የለውም። በ2025 የታተመው ፕራይም የተባለ ጥናት ደግሞ ኮንትራስት የሌለው አጭር ምርመራ ሕክምና የሚፈልገውን ካንሰር በማግኘት ከሙሉው እንደማያንስ አሳይቷል፤ ምስሉ ጥራት ያለው ከሆነ ማለት ነው። ለፕሮስቴት በየጊዜው ኮንትራስት የሚገዛ ክፍል ይህን ቢያስብበት ገንዘብም ጊዜም ያተርፋል።

ኤኤስኤል፦ ያለ መርፌ

እዚህ ኮንትራስቱ የሕመምተኛው የራሱ ደም ነው። አንገት ላይ የሚያልፈው ደም በራዲዮ ሞገድ ምልክት ይደረግበታል፤ አንጎል እስኪደርስ ይጠበቃል፤ ምልክት ከተደረገበትና ካልተደረገበት ምስል ልዩነቱ ይወሰዳል። በ1992 የታተመው ይህ ሐሳብ የደም ፍሰትን በትክክለኛ መለኪያ፣ በ100 ግራም በደቂቃ ስንት ሚሊሊትር ብሎ ይሰጣል።

ድካሙ ልዩነቱ ከጠቅላላው ምልክት አንድ በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች መሆኑ ነው። ሕመምተኛው ራሱን ካንቀሳቀሰ ይጠፋል። ምልክቱም እየጠፋ ይሄዳል፤ በ3 ቴስላ (የማግኔቱ ኃይል መለኪያ ነው) ማሽን ከ1.8 ሰከንድ ጥበቃ በኋላ የሚቀረው ሲሶው ያህል ነው፣ በ1.5 ቴስላ ሩቡ ያህል። ስለዚህ 1.5 ቴስላ ያለው ሰው ኤኤስኤልን አይሞክር አልልም፤ የማንሻውን ጊዜ ያርዝም፣ የምስሉን ነጥብ ያስፋ፣ ደብዛዛ ካርታ ቢያይም አይደንግጥ። የአንገት ሥራቸው በጠበበ አረጋውያን ደግሞ ደሙ ዘግይቶ ስለሚደርስ ፍሰቱ ያነሰ ይመስላል።

ሥሩ ለማግኘት ለሚያስቸግር ሕፃን፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው፣ በየሁለት ሳምንቱ መደጋገም ለሚጠይቅ ጥናት ግን ከዚህ የተሻለ የለም። የመፍሰስ ችግርም አያደናግረውም። ሜኒንጂዮማና ሄማንጂዮብላስቶማ የተባሉ ደም የበዛባቸው ዕጢዎች፣ ከኩላሊት ወደ አንጎል የተሰራጨ ካንሰር በኤኤስኤል ካርታ ላይ ደምቀው ይወጣሉ። በራስ ቅል ወለል አጠገብም፣ ተስማሚ የምስል አወሳሰድ ከተመረጠ፣ ከዲኤስሲ ይሻላል።

የቀሩት ሁለቱ

አይቪአይኤም በ1980ዎቹ ዴኒስ ለ ቢሃን ያመጡት ሐሳብ ነው፤ በዲፊዩዥን (የውሃ እንቅስቃሴን በሚያሳይ) ምስል ውስጥ በቀጭን ሥሮች የሚሄደውን ደም ከውሃው ቀስተኛ እንቅስቃሴ ለይቶ ያወጣል። መርፌ የለውም፤ ዝቅተኛ ቢ እሴቶችን (ምስሉ ለእንቅስቃሴ ያለውን ንቃት የሚወስኑ ቁጥሮች) መጨመር ብቻ ነው፤ ጉበት ላይ፣ ደም በበዛበት ሥጋ፣ ትርጉም ይሰጣል። የአንጎል ነጭ ክፍል ላይ ግን የደሙ ድርሻ ጥቂት በመቶ ስለሆነ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል። በተለይ የፍጥነቱ ቁጥር ሲደገም ራሱን አይመስልም፤ ሪፖርት ላይ ባይጻፍ ይሻላል።

የሥር ስፋት ምርመራ በሁለት ዓይነት ምስል ላይ ይቆማል፦ አንዱ ሰፊውንም ቀጭኑንም ሥር ይሰማል፣ ሌላው በይበልጥ ቀጭኑን። ሁለቱን በአንድ መርፌ አብሮ አንሥቶ ማነጻጸር ሥሮቹ አብጠዋል ወይስ ወደ ተፈጥሯቸው ተመልሰዋል ለሚለው መልስ ይሰጣል። በ2013 በዚህ መንገድ የተሠራ ጥናት፣ ሴዲራኒብ የተባለ ሥር ማብቀልን የሚያግድ መድኃኒት የወሰዱ የግላይኦብላስቶማ ሕመምተኞችን የሥር አሠራር ለውጥ አሳይቷል። ውብ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ልዩ የማንሻ ፕሮግራምና ስሌቱን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የጥናት መሣሪያ ነው፤ ለነገ ጧት ሕመምተኛ አይሆንም።

ቤቫሲዙማብ ከተጀመረ

ይህ ለብቻው መነሣት አለበት፤ ከሁሉ የሚያሳስተው እሱ ስለሆነ። መድኃኒቱ ግድግዳውን ይደፍናል፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ንጣቱ ሊጠፋ ይችላል። ቤተሰብ «ዕጢው ሄደ» ብሎ ይደሰታል። ዕጢው ግን እዚያው ነው፤ የቆመው መፍሰሱ ነው። በ2014 የታተሙት ሁለት ትልልቅ ጥናቶች በአዲስ ሕመምተኞች ላይ መድኃኒቱ በሽታው የሚቆምበትን ጊዜ ሲያራዝም ዕድሜን ግን እንዳላራዘመ አሳይተዋል። የነርቭ ኦንኮሎጂ መለኪያዎች በ2010 ንጣቱን ብቻ ሳይሆን በፍሌር (ፈሳሽ አጥፍቶ እብጠትን በሚያጎላ) ምስል የሚታየውን እብጠትም ያካተቱት ለዚህ ነው። በዚህ ሁኔታ ዲሲኢ መድኃኒቱ መሥራቱን ያረጋግጣል፤ ዕጢው ስለ መኖሩ ግን ከደም መጠንና ከዲፊዩዥን ጋር ካልታየ አይናገርም።

ኩላሊትና ኮንትራስት

ከ2006 ወዲህ፣ ኩላሊታቸው ክፉኛ በደከመ ሰዎች ላይ ጋዶሊኒየም ቆዳን የሚያጠነክር ከባድ በሽታ እንደሚያስከትል ታውቋል። አደጋው በይበልጥ የተያያዘው ክፍት ሰንሰለት ካላቸው ዓይነቶች ጋር ነው፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2017 በርካታዎቹን አግዷል። ቀለበት ሠርተው ጋዶሊኒየሙን የሚይዙት ይሻላሉ። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ያለውን የኮንትራስት ስም ያንብቡ፤ የኩላሊቱ የማጣሪያ አቅም (eGFR) ከ30 በታች ለሆነ ሰው ኤኤስኤል መልስ ይሰጥ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ሁለት መርፌ በአንድ ቀን የሚጠይቅ ዕቅድም ምክንያት ይፈልጋል።

ወደዚያ ሰው ስንመለስ

ለእሱ ዲኤስሲን አዝዛለሁ፤ ኤኤስኤልን ከመርፌው በፊት አስገባለሁ፤ አምስት ደቂቃ ቢጨምር ነው። የነጣው ቀለበት ላይ የደም መጠኑ ከጤነኛው ጎን ዝቅ ካለና ፍሰቱም ካልጨመረ ጨረሩ ያቆሰለው ሥጋ የመሆኑ ዕድል ይሰፋል፤ ሕክምናው ሳይቋረጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ኮንትራስት፣ በዚያው የመርፌ ፍጥነት ይደገምለት። ሁለቱም ካርታዎች አንድ ጥግ ላይ ከደመቁ ዕጢው እዚያ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ብዙ ጊዜ ግን ቀለበቱ ቅይጥ ነው፤ ግማሹ ቁስል ግማሹ ዕጢ። የመላውን ቀለበት አማካይ ወስዶ አንድ ቁጥር መጻፍ ያን ጊዜ ሁለቱንም ያበላሻል። ናሙና የሚወሰድ ከሆነ ካርታው ከመዋቅር ምስሉ ጋር ተደርቦ ለቀዶ ሐኪሙ ይድረሰው፤ መርፌው የደም መጠኑ ከፍ ባለበት ነጥብ እንዲገባ።